የፀሐይ ብርሃን ከደረሰን ድምጿስ የት ቀረ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 9ኛ ክፍል ነው። ትናንት ማታ የጠየቀኝ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። "ፀሐይ እንደዚያ እየተንተከተከች ድምፅ የላትም እንዴ? ብርሃኗም ሙቀቷም እዚህ ድረስ ከመጣ ድምጿ የት ቀረ?" አለኝ። ህዋ ላይ አየር ስለሌለ ነው አልኩት። "ታዲያ ብርሃኑ ያለ አየር እንዴት መጣ?" ሲለኝ መልስ አጣሁ። በዚያ ላይ ናሳ የብላክ ሆል (ስበቱ ብርሃንን እንኳ የማያስለቅቅ የህዋ አካል) ድምፅ ብሎ የለቀቀውን ዩቲዩብ ላይ ሰምቷል። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ አስረዱን።

መምህሩ፦
ወንድምህ ጎበዝ ነው፣ በርታ በለው። ብርሃንና ድምፅ ሁለቱም ሞገድ ይባሉ እንጂ ተፈጥሯቸው ለየቅል ነው። ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ሞገድ ስለሆነ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ይጓዛል፣ የሚሸከመው ቁስ አያስፈልገውም። ድምፅ ግን የቁስ መገፋፋት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ተጠጋግተው የቆሙ ሰዎችን አስብ። ከኋላ ያለው ሲገፋ ግፊቱ በቅብብል ፊት ድረስ ይደርሳል፤ ሰዎቹ ግን ቦታቸውን አልለቀቁም። እነዚያኑ ሰዎች መቶ መቶ ሜትር አራርቀህ ብታቆማቸው የኋለኛው ቢገፋ ማንን ይነካል?

አየር ውስጥ አንድ ሞለኪውል ከሌላው ጋር እስኪጋጭ የሚሄደው ርቀት የ1 ሚሊሜትር አንድ አሥር ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው ግፊቱ ሳይቋረጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ የሚጓዘው። ውሃ ውስጥ ወደ 1,480 ሜትር ይደርሳል፣ ብረት ውስጥ ደግሞ ከ5,000 ሜትር ይበልጣል። በእኛና በፀሐይ መካከል ግን በ1 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉት ጥቂት ቅንጣቶች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ሳይጋጩ ሚሊዮን ኪሎሜትሮች ይሄዳሉ። ማን ለማን ያቀብል?

እና ፀሐይ ድምፅ አላት። በውስጧ የድምፅ ሞገድ ስለሚመላለስ ገጿ በየ5 ደቂቃው ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሳይንቲስቶችም ሆዷን የሚያጠኑት በዚሁ ነው። መንገዱ ሁሉ እንደኛ አየር ቢሆን ኖሮ እንኳ ብርሃኗ በ8 ደቂቃ የሚመጣውን ድምጿ ለመድረስ ወደ 14 ዓመት ይፈጅበት ነበር።

የማታ አንባቢ፦
መምህር እናመሰግናለን። እኔ ግን "ህዋ ላይ ድምፅ የለም" ብሎ መዝጋት አልወድም፣ ምክንያቱም የብላክ ሆሉ ነገር እውነት ነው። ከእኛ ወደ 250 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ ፐርሲየስ የሚባል የጋላክሲዎች ክምችት አለ። በጋላክሲዎቹ መካከል ያለው ቦታ በጋለ ጋዝ ተሞልቷል። መሃል ላይ ያለው ብላክ ሆል ጋዙን ሲያናውጠው ግፊቱ እየሰፋ ይወጣል። ይህንን ቻንድራ የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ አየው፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። አንዱ ንዝረት እስኪያልቅ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጃል! ጋዙ እጅግ ስስ ስለሆነ እንደዚህ የተንቀራፈፈና የሰፋ ሞገድ ካልሆነ ሌላ አያሳልፍም። በ2022 እ.ኤ.አ. የሰማነው ያ ሞገድ ለጆሯችን እንዲሆን በ57 እና በ58 ኦክታቭ ከፍ ተደርጎ ነው፤ አንድ ኦክታቭ ማለት የንዝረቱ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ነው። ስለዚህ ለወንድምህ "ጆሮህ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ህዋ አያስተላልፍም" በለው፣ እሱ ይበልጥ ትክክል ነው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብሎ "ጨረቃ ላይ የወረዱት ሰዎች እንዴት ተነጋገሩ?" እያለኝ ነው።

መምህሩ፦
በሬዲዮ። ሬዲዮ ከብርሃን ወገን ስለሆነ ባዶ ቦታ አያግደውም። ማይክሮፎኑ የጠፈርተኛውን ድምፅ የሚይዘው የራስ ቁሩ ውስጥ ካለው አየር ነው። ሬዲዮው ቢበላሽ እንኳ ሁለቱ የራስ ቁራቸውን ቢያጋጥሙ ንዝረቱ በጠጣሩ አካል አልፎ አንዱ የሌላውን ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ማርስ ላይ ግን ስስም ቢሆን አየር አለ፣ ግፊቱ ከእኛ 1 በመቶ አይሞላም። በ2021 እ.ኤ.አ. እዚያ ያረፈችው የናሳ ተሽከርካሪ ሮቦት ፐርሰቪራንስ የነፋሱን ድምፅ ቀድታ ልካልናለች። እዚያ ድምፅ በሰከንድ 240 ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው፣ ቀጭን ድምፅ ደግሞ ቶሎ ይጠፋል።

ላብራቶሪ የምሠራ፦
ትምህርት ቤታችሁ አየር የማያስገባ የደወል ቅርፅ ያለው የመስታወት ክዳንና አየር መምጠጫ ፓምፕ ካለው በዓይኑ ይይ። ሳይንቲስቱ ሮበርት ቦይል በ1660 እ.ኤ.አ. የሠራው ይሄንኑ ነው፣ ሰዓት በክር አንጠልጥሎ አየሩን ሲመጥጠው ቲክ ቲኩ ጠፋ። ክሩ ዝም ብሎ የገባ አይደለም። የሚጮህ የጠረጴዛ ሰዓት ወለሉ ላይ ብታስቀምጡት ንዝረቱ በወለሉ በኩል ሾልኮ ይወጣና "አየር ባይኖርም ይሰማል" ብላችሁ ትሳሳታላችሁ። ወፍራም ስፖንጅ ላይ አስቀምጡት ወይም አንጠልጥሉት። ሞባይል አታስገቡ፣ ባትሪው ሊያብጥ ይችላል። ተራ ብርጭቆም አትጠቀሙ፣ የውጭው አየር ሊያደቅቀው ስለሚችል ለዚሁ የተሠራው ብቻ ይሁን፣ መነጽርም አድርጉ። ድምፁ ድንገት ሳይሆን ቀስ እያለ ነው የሚሞተው፣ የሰዓቱ መዶሻ ግን የሰዓቱን ደወል ሲመታ ይታያችኋል። ቫልቩን ስትከፍቱ አየሩ ሲገባ ጩኸቱ ይመለሳል፤ እዚያ ላይ ወንድምህን ምን እንደገባው ጠይቀውና እዚህ ጻፍልን።