ቡት ውስጥ ደህና፣ ደረጃ ላይ ግን ኡኡ! ቁርጭምጭሚቴን ምን ነካው?

ቁልቁለት ወዳድ
ሰላም ወገኖች። ባለፈው የበረዶ ወቅት በስኪ (በበረዶ መንሸራተቻ) ስወርድ ለመዞር ስታጠፍ የግራ ስኪዬ ጠርዝ በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ባይንዲንጉም (ቡቱን ከስኪው ጋር የሚይዘው ማሰሪያ) አልለቀቀም፤ እግሬ ወደ ውጭ ተጠመዘዘ። ራጅ ተነሳሁ፤ «አጥንት አልተሰበረም፣ ወለምታ ነው» ተባልኩ። እብጠቱ ከጠፋ ቆየ፣ ህመሙ ግን ንቅንቅ አላለም።

የሚገርመኝ፣ የስኪ ቡቴን (ጠንካራውን ጫማ) ጥርቅም አድርጌ ካሰርኩ ምንም አይሰማኝም። ቀኑን ሙሉ እንደ ልቤ እወርዳለሁ። ጉዱ የሚመጣው ቡቱን አውልቄ ደረጃ ስወርድ ነው። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ፣ ከፊት በኩል፣ በሁለቱ አጥንቶች መሃል ይወጋኛል። «ስኪ አቁሚ» እንዳትሉኝ፤ እሱን እናቴ በየቀኑ ትለኛለች። ቡት ልቀይር ወይስ መደገፊያ ልግዛ?

ዘለበት
ቡት ለመቀየር አትቸኩይ። የላይኛውን ዘለበት ከልክ በላይ እያጠበቅሽ እንዳይሆን ግን እዪው። ቁርጭምጭሚትሽ ወደፊት መታጠፍ ካቃተው ቡት ውስጥ ተረከዝ ስር የሚገባ ትንሽ ማንሻ ይረዳል። ባይንዲንጉንም ባለሙያ ይይልሽ። የሚስተካከለው በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በቡቱ ሶል ርዝመትና በአነዳድሽ ነው። በግምት አይነካካም።

የቀድሞ ተጎጂ
እህቴ፣ እኔን ያስጨነቀኝ ቦታው ነው። የተለመደው ወለምታ የሚያመው ከቁርጭምጭሚቱ የውጪ ጉብታ ዝቅ ብሎ ነው። ያንቺ ከላይ ነው፣ እግርሽም የዞረው ወደ ውጭ ነው። ይሄ ሁለቱን የቅልጥም አጥንቶች አንድ ላይ የሚያስረውን ጅማት ያስጠረጥራል። እሱ ከተራው ወለምታ ይልቅ ለመዳን ጊዜ ይፈጃል። ተኝተሽ የተነሳሽው ራጅ ላያሳየው ይችላል። እግርሽ ላይ ቆመሽ የሚነሳ ራጅ ወይም ኤምአርአይ ጠይቂ። ባትሽን መሃሉ ላይ ከግራና ከቀኝ ጨመቅ አድርጊው፤ ታች ካመመሽ ምልክት ነው።

ቡቱ ለምን እንደሚመችሽም ግልጽ ነው። እንደ ጄሶ ግጥም አድርጎ ይይዝሻል፣ ጅማቱም ጡንቻውም ሥራ ይፈታል። ያ ማለት ድነሻል ማለት አይደለም።

ቁልቁለት ወዳድ
ጨመቅኩት። ኡፍ! በእውነት ታች ነው ያመመኝ። እግሬን ለማጠንከር በአንድ እግር መቆምና ተረከዝ ማንሳት ብጀምርስ?

የቀድሞ ተጎጂ
እነሱ ጥሩ ናቸው፤ ጉልበት አጠፍ አድርጎ ተረከዝ ማንሳትማ ለስኪ አቋም በጣም ይጠቅማል። ግን መጀመሪያ ሐኪም ጋ ታዪ። ጅማቱ ተበጥሶ አጥንቶቹ ተራርቀው ከሆነ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ይችላል። ከውጪው ጉብታ ኋላ ቀጭ የሚል ነገር ካለም ለሐኪሙ ንገሪው፤ እዚያ ከቦታው የሚሾልክ የጡንቻ ጅማት ስኪ ላይ የታወቀ ሌላ ጉዳት ነው።

ቁልቁለት ወዳድ
ቀጭ የሚል ነገር የለም። ቀጠሮ ልይዝ ነው። እስከዚያ ቀለል ያለ ቁልቁለት ብቻ ብወርድስ?

የቀድሞ ተጎጂ
አይሆንም። ጠርዙ ከተቀረቀረ ቀላሉም ቁልቁለት እግርሽን ያጣምመዋል።