ባሕር ዳር ላይ ልጆች ታሪክ የሚሰሙበት ቦታ፦ የት እንውሰዳቸው?

አንዲት እናት «ልጆቼን ለእረፍት ባሕር ዳር ላመጣቸው ነው። ከጁስ ቤትና ከዥዋዥዌ ሌላ፣ ታሪክ የሚሰሙበት፣ ሰፊ ግቢ ያለው የድሮ ቤት ጠቁሙኝ» ብላለች። የእኔ ጥቆማ ዘጌ ነው፤ በጀልባ የሚደረስ የጣና ልሳነ ምድር። ከዘጌም ገዳሙ ዑራ ኪዳነ ምሕረት።

እዚያ ግድግዳው ራሱ ያወራል። ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ መቅደሱ ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ጨርቅ ላይ ተሥሎ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። ከፍ ያሉ ልጆች ቶሎ የሚጠይቁት ስለ በላዔ ሰብ ነው፤ 78 ሰው በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ሰው ጥርኝ ውኃ በመስጠቱ ስለዳነው። ሥዕሉ ላይ ነፍሱ የተመዘነችበትን ሚዛን እንዲፈልጉ አድርጓቸው። እመቤታችን ጥላዋን ስትጥልበት ያቺ ጥርኝ ውኃ ከ78ቱ ነፍስ በልጣ ትመዝናለች። ልጅ ይህንን ካየ በኋላ ጥያቄው አያልቅም።

ፈሪ ልጅ ካላችሁ ግን በበላዔ ሰብ አትጀምሩ። ከአንበሶቹና ከነብሮቹ መሃል የቆሙትን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን አሳዩት። የጠማት ወፍ እንባቸውን የጠጣችበትንም ንገሩት።

አስጎብኚ ያዙ። አንዳንዱ ንጉሥ በንጉሥ ላይ መደርደር ይወዳል፤ ልጅ ደግሞ ሁለተኛው ንጉሥ ላይ ማዛጋት ይጀምራል። ገና ስትነሱ «ወንድሜ፣ ለልጆቹ እንደ ተረት አድርገህ ንገርልን» በሉት። (ገድል ተረት አይደለም እንዳትሉኝ፤ አነጋገሩን ማለቴ ነው።)

ግቢውስ? ከወደቡ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ መሃል ነው፤ ጦጣም አይጠፋም። የዘጌን ገዳም የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው። የከተማ ልጅ «ታዲያ ምን ይበላሉ?» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ቡናውን አሳዩት።

ታሪካዊ ቤት ሲባል ብዙ ሰው ቤተ መንግሥት ያለበትን የቤዛዊትን ኮረብታ ይጠቁማል። በባጃጅ ይደረሳል፤ ዓባይ ከሥር ሲጠማዘዝ ማየትም ያምራል። ግን የአፄ ኃይለ ሥላሴን ቤተ መንግሥት ውስጡን እናያለን ብላችሁ አትሂዱ። ለእኔ ቤዛዊት ለፎቶና ለነፋስ ነው እንጂ ለልጅ ታሪክ አይሆንም። ፎቶም ቢሆን ወደ ዓባይ እንጂ ወደ ቤተ መንግሥቱ አታንሱ።

ሕፃን ለያዘ የደብረ ማርያም ደሴት ገዳም ይሻላል። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አካባቢ ስለሆነ የጀልባው መንገድ አጭር ነው፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ ጉማሬም ብቅ ይላል። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ካገኛችሁ ቆም በሉ። ሣር የሚመስል ነገር ሰውና ጭነት ተሸክሞ ሲንሳፈፍ ልጆች ዓይናቸውን አያምኑም።

የክብራን ገብርኤል ደሴት ገዳም ቅርብ ነው ተብላችሁ ሴት ልጅ ይዛችሁ እንዳትነሱ፤ ሴት አይገባም። ወንድሟ ገብቶ እሷ ጀልባ ላይ ከቀረች ኩርፊያው እስከ ማታ ነው። አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴትም ይገባል።

ጀልባን በተመለከተ፣ በጠዋት ውጡ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጣና ይናወጣል፤ የልጅ ሆድም አብሮ። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ጨርሱ፤ «የመመለሻውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነጠላ አትርሱ። ምሳ ከተማ ተመልሳችሁ አሳ ብሉ፤ ለትንንሾቹ አጥንት የሌለው ይሁን።

ላይፍ ጃኬት የልጅ ልክ መኖሩንም አረጋግጡ። ባለጀልባው የትልቅ ሰው ጃኬት አምጥቶ «በገመድ እናጠብቀዋለን» ካላችሁ፣ ወደሚቀጥለው ጀልባ እለፉ።