ቪትሴ ስታጠፍ «ቋ ቋ» ትላለች፤ ምን ይሆን?

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ

ሰላም ለሁላችሁ። የ2003 ሞዴል ቶዮታ ቪትስ ነው የምነዳው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ስታጠፍ ከፊት እግሯ «ቋ ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ይመጣል። አስፋልት ላይ ቀጥ ብዬ ስሄድ ምንም የለም። የሚብሰው ጠዋት ከግቢ ስወጣ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ወደ ግራ ጥምዝ አድርጌ ነዳጅ ስሰጣት ነው።

ሰፈር ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ከፊት ተጭኖ ነቅነቅ አደረጋትና «ሾክ አብዞርበሩ አልቋል፣ ሁለቱም ይቀየር» አለኝ። ሳይነዳት ነው እንዲህ ያለኝ። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው በእሷ ስለሆነ ፈርቻለሁ። ሾኩን ልቀይር? ወይስ ከዚያ በፊት ራሴ ላየው የምችለው ነገር አለ?

መልስ፦ የታክሲ ሾፌር፣ አቃቂ

እህቴ፣ ምንም ከመግዛትሽ በፊት የጎማ ዳዶዎችሽን እይ። በቅርቡ ጎሚስታ ጋ ሄደሽ ነበር? እኔ አንዴ ጎማ አስለጥፌ ስመለስ በየኩርባው «ጓ ጓ» ትልብኝ ጀመር። ወርጄ ሳይ ከ4ቱ ዳዶ 2ቱ በእጅ ይዞራሉ። ማጥበቂያው መኪናው ውስጥ አለ፤ 5 ደቂቃ አይፈጅብሽም።

መልስ፦ መካኒክ፣ ሰበታ

የዳዶው ምክር ትክክል ነው፣ ከእሱ ጀምሪ። ሾኩን ግን አሁን አትንኪው። ሾክ ያለቀበት መኪና በአብዛኛው የሚጮኸው ጉድጓድና ጉብታ ላይ ነው። አንቺ የምትነግሪን ድምፅ መሪ ሲታጠፍና ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚመጣ ነው። ይህ ወደ አክስሉ ጆይንት ይወስደኛል፤ ሲቪ ጆይንት የሚባለው ማለት ነው።

ጆይንቱ ከፊት ጎማው ጀርባ፣ በአክስሉ ጫፍ ላይ ነው ያለው። ውስጡ 6 የብረት ኳሶች አሉ። ጎማው እየታጠፈም ከሞተር ጉልበት የሚደርሰው በእነሱ በኩል ነው። በግሪስ ተሞልቶ በላስቲክ ይሸፈናል። ላስቲኩ ሲቀደድ ግሪሱ እየተረጨ ያልቃል፤ አቧራና ጭቃ ይገባል። ኳሶቹ የሚሄዱበት ቦይ ይበላል። ያኔ ነው «ቋ ቋ» የሚጀምረው። ፍጥነት ስትጨምሪ ድምፁም ይፈጥናል።

እንዲህ አድርገሽ ሞክሪያት። ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልጊ። መስኮቱን ክፈቺ፣ ሬዲዮውን ዝጊ። መሪውን ወደ ግራ እስከ ጥግ አዙረሽ ቀስ እያልሽ ክብ ዙሪ። ከዚያ ወደ ቀኝ። ወደ ግራ ስትዞሪ የሚብስ ከሆነ ችግሩ በአብዛኛው በረዳት በኩል፣ ቀኝ ጎማ ላይ ነው፤ ስትታጠፊ ጭነቱ ወደዚያ ያዘነብላል። ግን በጆሮ ብቻ አትፍረጂ። መሪው እንደታጠፈ አቁሚያት፣ ሞተሯን አጥፊ፣ የእጅ ፍሬን ያዢ። በስልክሽ መብራት ከጎማው ጀርባ እይ። ቸርኬው ውስጥ ጥቁር ግሪስ ተረጭቶ ካየሽ መልሱ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቆማ እያለች መሪ ስታዞሪ «ጧ» የምትል ከሆነ ሾኩ አናት ላይ ያለው ኩሽኔታ ይታይ። ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ስትቀይሪ አንዴ ብቻ «ጓ» ካለች ደግሞ ሞተሩን ደግፎ የሚይዘው ላስቲክ ነው የሚፈተሸው።

መልስ፦ ከቡራዩ

እህቴ፣ ቴስቲናውንም፣ ማለትም የጎማውን እግር የሚያያይዘውን የኳስ መገጣጠሚያ፣ እንዲያዩልሽ አደራ። የኔ አልቆ ነበር፤ ወር ሙሉ «ቋ» ሲል ችላ አልኩት። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ወጥቶ ጎማው ወደ ውስጥ ታጠፈ። ደግነቱ ቀስ ብዬ ነበር የምሄደው። ጋራዥ በክሪክ ሲያነሷት በብረት መቆሚያ ይደግፏት፤ ከዚያ ጎማውን ላይና ታች፣ ቀጥሎ ግራና ቀኝ ይዘው ይነቅንቁት። የሚላወስ ነገር ካለ ሳይጠገን እንዳትነጃት።

ጠያቂዋ፦ ከለገጣፎ

እግዜር ይስጥልኝ። ዳዶዎቹ ጥብቅ ናቸው። ሜዳ ላይ ዞርኩ፤ ወደ ግራ ስዞር በደንብ ይሰማል፣ ወደ ቀኝ ግን የለም ማለት ይቻላል። በረዳት በኩል ሳበራበት ላስቲኩ እንደ ከንፈር ተከፍሏል። ቸርኬው ውስጡ በሙሉ ጥቁር ግሪስ ነው፤ ጣቴን ሳስነካው አሸዋ አለው። ላስቲኩን ብቻ ባስቀይርስ?

መልስ፦ መካኒክ፣ ሰበታ

ድምፅ ሳይጀምር ቢሆን ኖሮ ታጥቦ፣ አዲስ ግሪስና ላስቲክ ገብቶለት ይተርፍ ነበር። አሁን አሸዋ ገብቶ እየጮኸ ስለሆነ ጆይንቱ ራሱ ይቀየር። የግራውን ላስቲክም አብረው ይዩልሽ። ሲገጠም የአክስሉ ዳዶ በልኩ ይጥበቅ፤ መልሶ እንዳይፈታም ከንፈሩ ተመትቶ ይታጠፍ። ይህን ቆመሽ እይ።

መልስ፦ ከገላን

መለዋወጫ ልትገዢ ሶማሌ ተራ ስትሄጂ አሮጌውን ጆይንት ፈትተው ይስጡሽ፣ ይዘሽ ሂጂ። ቪትስ ሁሉ አንድ አይደለም። የውስጥና የውጭ ጥርሱን ቁጠሪ፤ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ቀለበት እንዳለውና እንደሌለውም እይ። እኔ በስም ብቻ ገዝቼ ሳይገጥም ቀርቶ ሁለቴ ተመላልሻለሁ።

ጠያቂዋ፦ ከለገጣፎ

ዛሬ ተቀየረላት። ሌላ ጋራዥ ነው የወሰድኳት፤ መካኒኩ መጀመሪያ ራሱ ነድቶ ሰማት። ቴስቲናው ደህና ነው፤ ሲነቀንቁት አጠገባቸው ነበርኩ። የወጣው ጆይንት ውስጡ ቦዩ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ሠርቷል። አሁን ከግቢ ስወጣ ፀጥ ያለች ናት። የቀረው ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ አንዲት ትንሽ «ቀጭ» ናት፤ ስታጠፍ ግን የለችም።

መልስ፦ መካኒክ፣ ሰበታ

እንኳን ደስ አለሽ። «ቀጭ» የምትለው የስታብላይዘሩ (መኪናዋ ስትታጠፍ እንዳታዘነብል የሚይዘው) ዘንግ ሳትሆን አትቀርም። ሳትቆዪ አሳያት፤ በሁለቱም በኩል ላስቲኮቿን ይዩልሽ።