የጤና ጣቢያ ማዘዣ ግምገማ፦ የአንቲባዮቲክ መቶኛችን ትክክል ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ባለሙያዎች። የዓመቱን ማዘዣ ለመገምገም ከፋርማሲያችን ፋይል 100 የማዘዣ ወረቀት አውጥተናል። የታዘዘው መድኃኒት 213፣ ከዚያ ውስጥ አንቲባዮቲኩ 68 ነው። 68ን ለ213 ሳካፍል 32 በመቶ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከ20 እስከ 26.8 በመቶ ስለሆነ ብዙም አልራቀም፤ ኮሚቴው ግን አላመነም። የአንድ ታካሚ አማካይ የመድኃኒት ወጪስ እንዴት ይሰላል? ዋጋው በየግዥው ይለያያል።

መልስ 1፦
ኮሚቴው ልክ ነው፤ ያካፈልከው በተሳሳተ ቁጥር ነው። አንቲባዮቲክና መርፌ ለታካሚው ብዛት ነው የሚካፈሉት። ለመድኃኒቱ ብዛት የሚካፈለው በጀነሪክ ስም (በንግድ ስሙ ሳይሆን በመድኃኒቱ በራሱ ስም) የተጻፈውና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር የታዘዘው ነው። ወረቀቶቹን እንደገና ቁጠር፦ አንዱ ወረቀት ላይ አሞክሳሲሊንም ዶክሲሳይክሊንም ቢኖር የሚያዘው አንድ ተብሎ ነው። 68ቱ በ55 ወረቀት ላይ ካረፉ ውጤትህ 55 በመቶ ነው፤ ከመለኪያው እጥፍ በላይ ማለት ነው። ለአንድ ታካሚ የታዘዘው መድኃኒት አማካይህም 2.13 ስለሆነ ከመለኪያው ከ1.6–1.8 አልፏል።

ሜትሮኒዳዞል እንደ አንቲባዮቲክ ይቆጠር አይቆጠር፣ ሳትጀምር ወስን። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚታዘዘው ብዙ ስለሆነ፣ ዘንድሮ ቆጥረኸው አምና ካልተቆጠረ ማወዳደሩ ዋጋ የለውም። ኮትሪሞክሳዞል ሁለት ንጥረ ነገር ቢይዝም አንድ መድኃኒት ነው። ክትባት ከመርፌ አይደመርም።

ናሙናውስ ከየትኛው ወር ነው? ከጥቅምትና ከኅዳር ብቻ ከሆነ ወባው ያዛባዋል። በዓመት 14,400 ማዘዣ ካለ ለ100 ሲካፈል 144 ይሆናል፤ ከ1 እስከ 144 ባለው አንድ ቁጥር በዕጣ ይውጣ፣ ከዚያ በየ144ኛው ይነሳ።

መልስ 2፦
ስለ ወጪው፦ ለሁሉም ወረቀት የአንድ ቀን የዋጋ ዝርዝር ተጠቀም፤ አለዚያ የምትለካው የሐኪሙን አጻጻፍ ሳይሆን የገበያውን ንረት ነው። ብዙ የሚሳሳተው ዋጋው በፍሬ ነው ወይስ በፓኮ የሚለው ላይ ነው። አሞክሳሲሊን 500 ሚ.ግ. በቀን 3 ጊዜ ለ7 ቀን 21 ፍሬ ነው፤ ዋጋው የተመዘገበው በ100 ፍሬ ፓኮ ከሆነ በ0.21 ይባዛል። ለሴፍትሪአክሶን ብልቃጡን ብቻ ካሰብክ ደግሞ ሲሪንጁ፣ ካኑላውና መበጥበጫው ውኃ ይቀራል፤ መርፌ ርካሽ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

አማካዩን ብቻ አታቅርብ። የ3 ወር የስኳር መድኃኒት የወሰደ አንድ ታካሚ ብቻውን ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ መካከለኛውን ዋጋም (ወጪዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) ጎን ለጎን ጻፍ።

መልስ 3፦
እኔ የምፈራው ፋይሉን ራሱን ነው። መድኃኒት ሳይታዘዝለት የሄደ ታካሚ እዚያ ስለሌለ አማካዩ ከፍ ይላል። «የለም» ተብሎ ወረቀቱን ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት የሄደውም አይገኝም፤ እጁ የተራቆተው ግን እሱ ነው። ጤና መድህን ያለው እንኳ ከኪሱ የሚያወጣው እዚያ ነው። ናሙናው ከተመላላሽ ሕክምና መዝገብ ቢነሳ ይሻላል።

ጠያቂ፦
ገባኝ። የመርፌው ወረቀት ግን እኛ ጋ መርፌ ክፍል ለብቻው ነው የሚታሰረው።

መልስ 1፦
እንግዲያው በካርድ ቁጥርና በቀን አገናኛቸው። አለዚያ አንዱ ታካሚ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፤ የመድኃኒት አማካዩ ያለ አግባብ ይወርዳል። ከፋርማሲው ፋይል ብቻ የወጣው የመርፌ ቁጥርህም ወደ ዜሮ የቀረበ ይሆናል።