ገባርም መውጫም የሌለው ኩሬ በወር 30 ሴንቲሜትር ወረደ፤ እየሰረገ ይሆን?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጠብቀው ትንሽ ረግረግ አለ። ወንዝ አይገባበትም፣ ከእሱም ወንዝ አይወጣም። ሲዘንብ ይሞላል፣ ዝናቡ ሲያቆም ይጎድላል። ዳር ዳሩን ሸምበቆና ቄጠማ ከቦታል። በዚህ ደረቅ ወር ግን 30 ሴንቲሜትር ያህል ወረደብኝ። መለኪያ እንጨቴ የተተከለበት ጭቃ ተሰነጣጥቆ ጣት ያስገባል። በትነት በቀን 5 ሚሊሜትር ቢሄድ በወር 15 ሴንቲሜትር ነው። ቀሪው የት ገባ? «ሥሩ ቀዳዳ አለው፣ በማሽን ተቆፍሮ ጥልቅ ይደረግ» የሚሉኝ አሉ። እባካችሁ ምከሩኝ።

ውሃ ለኪ፦
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት እንዳትቆፍር! እንዲህ ያለውን ኩሬ ብዙ ጊዜ ውሃ የሚያስይዘው ከሥሩ ያለው ሸክላማ አፈር ነው። እሱ ከተበሳ ያኔ ነው በእውነት የሚሰርገው።

መጀመሪያ በባልዲ ሞክር። የማያፈስ ሰፊ ባልዲ ኩሬው ውስጥ አቁም፤ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ አስገባበት። አፉ ከውሃው በላይ ይሁን። ውስጡን ከኩሬው እኩል ሙላና ከሳምንት በኋላ ሁለቱን አወዳድር። ባልዲው የሚያጣው በትነት ብቻ ነው። ኩሬው ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ትርፉ ወይ ሰርጓል ወይ ዕፅዋት ጠጥተውታል። መሃል ላይ ከዘነበ ግን እንደገና ጀምር፤ ከተዳፋቱ የሚወርደው ጎርፍ ባልዲው ውስጥ አይገባም።

የአፈር ተማሪ፦
እኔ ሸምበቆውን ነው የምጠረጥረው። ትንሽ ኩሬ ከስፋቱ አንጻር ዳሩ ብዙ ነው። ውሃው በዳር በኩል ወደ ደረቁ አፈር ይገባል፣ ሥሮቹም ይመጡታል። ለማጣራት ፀሐይ ስትጠልቅና ከመውጣቷ በፊት ለካ። ሌሊት ዕፅዋት የሚስቡት ውሃ በጣም ትንሽ ነው። ቀን ወርዶ ሌሊት ባለበት ካደረ ጠጪው እነሱ ናቸው። ቀንም ሌሊትም እኩል ከወረደ ስርገት ነው። ዘዴው የቆየ ነው፤ ዋይት የተባለ አሜሪካዊ በ1932 እ.ኤ.አ. የከርሰ ምድር ውሃን የቀንና የሌሊት ከፍታ እያየ ዕፅዋት የሚጠጡትን አስልቶበታል።

እንቁራሪት ወዳድ፦
ጭራሽ ቢደርቅስ? በየዓመቱ የሚደርቅ ኩሬ ብዙ ጊዜ ዓሣ አይኖርበትም፤ ስለዚህ የእንቁራሪት እጮች የሚበላቸው ይቀንሳል። ብታጠልቀው ዓሣ ሊከርምበት ይችላል። የሚያሰጋኝ ቶሎ መድረቁ ነው፤ እግር ሳያወጡ ውሃው ካለቀ ያልቃሉ። ስለዚህ የሞላበትንና የደረቀበትን ቀን በየዓመቱ መዝግብ። ከጥልቀቱ ይልቅ ለእነሱ ወሳኙ የቆይታው ርዝመት ነው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ሰባት ቀን ለካሁ። ባልዲው 3.5 ሴንቲሜትር ወረደ፣ ኩሬው 7። ሌሊት ግን ከአንድ ሚሊሜትር በላይ አልወረደም። እጮቹም የኋላ እግር አውጥተዋል። ቁፋሮውን ትቼዋለሁ። ሲደርቅ ግን በምን ልለካ?

ውሃ ለኪ፦
ግልጽ ነው፣ ሸምበቆው ነው። አሁኑኑ የታችኛው ጎኑ በስሱ የተሰነጣጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ መሃሉ ላይ አቁም። ሸክላውን እንዳያልፍ፣ ጥልቀቱ አንድ ክንድ ያህል ይበቃል። ላዩን ክደነው። ኩሬው ደርቆ ሳለ ውሃው ከመሬት በታች የት ድረስ እንደወረደ በዱላ እየነካህ ታነባለህ። ንባቡ በሳምንት አንዴ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን።