ትልቅ ፋይል ከሪፖ አልወጣ አለ፤ ከጠፋ በኋላም ፑሽ ይመለሳል

የማርቆስ_ጤፍ (ደብረ ማርቆስ)
ጤና ይስጥልኝ ጎበዝ። በገበያ ዋጋ መመዝገቢያ ፕሮጀክት ውስጥ ‹ዳታ/ጤፍ.ሲኤስቪ› የሚባል 140 ሜጋ ባይት ፋይል ሳይታሰብ ኮሚት ሆኖ (የፋይል ለውጦችን በሚይዘው በጊት ታሪክ ውስጥ ተመዝግቦ) ገባ። ሪፖው (የፕሮጀክቱ ማከማቻ) የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሃብ ከ100 ሜጋ ባይት በላይ አልቀበልም ብሎ ፑሹን (ኮሚቶቹን ወደዚያ መላኩን) መለሰው። በ‹ጊት አርኤም› አጥፍቼ አዲስ ኮሚት ጨመርሁ፤ አሁንም መልሱ ያው ነው። ፑሽ ያልሆኑ ሦስት ኮሚቶች አሉ፤ ፋይሉ የገባው በመጀመሪያው፣ የጠፋው በሦስተኛው። ከሪፖው ይውጣልኝ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን እፈልገዋለሁ። በእያንዳንዱ ሙከራ የኢንተርኔት ጥቅሌ እያለቀ ነው።

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር)
መጀመሪያ ፑሹን አቁመው። እምቢታው የሚመጣው ዳታው ተጭኖ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ጥቅልህን በከንቱ ነው የሚበላው።

‹ጊት አርኤም› ፋይሉን ከአሁኑ ኮሚት ያወጣዋል እንጂ ያለፈውን አይነካም። ፑሽ ደግሞ ሦስቱንም ኮሚት ይዞ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ውስጥ ያ 140 ሜጋ እንዳለ ተቀምጧል። መፍትሔው ሦስቱን አፍርሶ አንድ ማድረግ ነው። ትእዛዞቹን እንደ አነባበባቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።

ፋይሉን ከሁለተኛው ኮሚት መልሰው (ሄድ~1 ማለት ከመጨረሻው ኮሚት አንድ ወደ ኋላ ማለት ነው)፦
ጊት ሾው ሄድ~1:ዳታ/ጤፍ.ሲኤስቪ > ዳታ/ጤፍ.ሲኤስቪ

ፎልደሩ ውስጥ ሌላ ፋይል ካልነበረ ‹ጊት አርኤም› ፎልደሩንም አብሮ ስለሚያጠፋው አስቀድመህ ፍጠረው። ዊንዶውስ ላይ ከሆንህ ይህችን መስመር በጊት ባሽ (ከጊት ጋር በሚመጣው ተርሚናል) ስጣት፤ የቆየው ፓወርሼል (የዊንዶውስ ተርሚናል) በ‹>› ሲያስቀምጥ የፋይሉን ኢንኮዲንግ (ፊደላቱ የሚቀመጡበትን ኮድ) ይለውጠዋል፣ የአማርኛ ጽሑፍ ካለበት ደግሞ ይበላሻል።

ከዚያ ‹.ጊትኢግኖር› (ጊት እንዲተዋቸው የሚፈለጉ ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ የፋይሉን መንገድ በአንድ መስመር ጻፍና፦
ጊት ሪሴት --ሶፍት ኦሪጅን/ሜይን
ጊት አድ .ጊትኢግኖር
ጊት ስታተስ

ሶፍት ሪሴት ኮሚቶቹን አፍርሶ ለውጦቹን ያቆያል፤ ኦሪጅን የጊትሃቡ ሪፖ ነው፣ ኦሪጅን/ሜይን ደግሞ እዚያ ያለው ዋና ቅርንጫፍ። ስታተሱ ላይ ጤፍ.ሲኤስቪ መታየት የለበትም። ካልታየ ኮሚት፣ ፑሽ።

ዳሞት_ኮድ (ፍኖተ ሰላም)
የጣና_ዳር አካሄድ ትክክል ነው፤ አንዲት ወጥመድ ግን አለችበት። በመሃል ‹ጊት ፌች› (ከጊትሃብ አዲስ ኮሚቶችን ማምጣት) ተደርጎ ከሆነና ባልደረባ አዲስ ኮሚት ልኮ ከሆነ፣ ኦሪጅን/ሜይን ከአንተ ቀድሟል። በዚያ ላይ ሶፍት ሪሴት አድርገህ ኮሚት ብታደርግ የባልደረባህ ሥራ ሳይታወቅህ ተሰርዞ ይሄዳል፤ ጊትም አያስጠነቅቅህም። ስለዚህ በቁጥር ተመለስ፦
ጊት ሪሴት --ሶፍት ሄድ~3

ሦስት ኮሚት ወደ ኋላ፣ አለቀ። መሃላቸው መርጅ (የሁለት ቅርንጫፎች ውህደት) ካለ ግን ቁጥሩን አትመነው፤ በ‹ጊት ሎግ --ዋንላይን› የትክክለኛውን ኮሚት መለያ አይተህ እሱን ስጠው። ኮሚት ካደረግህ በኋላ ‹ጊት ፑል --ሪቤዝ› (የባልደረባህን ኮሚቶች አምጥቶ የአንተን ከላያቸው ያስቀምጣል)፣ ከዚያ ፑሽ።

ጣና_ዳር
ልክ ነህ ወንድማለም፣ የአንተ ይሻላል።

እንጅባራ_ሼል
ፋይሉ ፑሽ ሆኖ ካለፈ ነገሩ ሌላ ስለሆነ ለሌሎች አንባቢዎች ልጨምር። ‹.ጊትኢግኖር› ላይ መጻፍ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ጊት አንዴ መከታተል የጀመረውን ፋይል አይተውም። መከታተሉን የሚያስቆመው ይህ ነው፦
ጊት አርኤም --ካሽድ የፋይሉ_ስም

ለፎልደር ‹-አር› ጨምሩ። ምን ምን እንደሚወጣ ለማየት ብቻ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ በ‹-ኤን› ሞክሩት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ --ካሽድ ፋይሉን የሚያተርፈው ትእዛዙን በሰጠው ሰው ማሽን ላይ ብቻ ነው። ባልደረቦች ፑል ሲያደርጉ ከእነሱ ዘንድ ይጠፋል። ‹.ኢኤንቪ› ዓይነት የማስተካከያ ፋይል ከሆነ ፑል ሳያደርጉ ኮፒ እንዲይዙ ንገሯቸው።

የይለፍ ቃል ያለበት ፋይል ከሆነ ደግሞ ከምንም በፊት የይለፍ ቃሉ ይቀየር፤ ታሪክ ማጽዳቱ ከዚያ ወዲያ ይደረሳል። ለማጽዳት ‹ጊት ፊልተር-ሪፖ› አለ፣ ለብቻው ነው የሚጫነው፦
ጊት ፊልተር-ሪፖ --ፓዝ .ኢኤንቪ --ኢንቨርት-ፓዝስ

አዲስ ክሎን (ከጊትሃብ የወረደ ሙሉ የሪፖ ቅጂ) ላይ ነው የሚሠራው፤ ሲጨርስ ኦሪጅንን ያነሳዋል፣ በ‹ጊት ሪሞት አድ› መልሱት። የኮሚቶቹ መለያ ስለሚቀየር ‹ፑሽ --ፎርስ› (ጊትሃብ ላይ ያለውን በግድ የሚተካ ፑሽ) ግድ ነው፤ ሁሉም ሰው እንደገና ክሎን ያድርግ። አንድ ሰው ከድሮው ክሎን መርጅ አድርጎ ፑሽ ካደረገ ያ ፋይል ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

የማርቆስ_ጤፍ
በሄድ~3 ሄድሁበት፣ ፑሹ በሰከንዶች አለቀ። ‹.ጊት› ፎልደሩ ግን አልቀነሰም፤ ለምን?

ዳሞት_ኮድ
የተውኻቸው ኮሚቶች በሪፍሎግ (ጊት ኮምፒውተርህ ላይ የት የት እንደነበርህ በሚይዝበት መዝገብ) ተይዘዋል፤ ካልነካኸው 30 ቀን ያህል ይቆያሉ። ቦታ ካልጠበበህ ተዋቸው፣ የተሳሳትኸው ነገር ካለ መመለሻህ እነሱ ናቸው። አሁኑኑ ይለቅ ካልህ፦
ጊት ሪፍሎግ ኤክስፓየር --ኤክስፓየር=ናው --ኦል
ጊት ጂሲ --ፕሩን=ናው

ከዚህ በኋላ መመለሻ የለም፤ ሲኤስቪው በትክክል መከፈቱን አይተህ ይሁን።