የጅግራዋ አንገት እየተላቀቀ አስቸገረኝ፤ ስፌት የምታውቁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ ከምሥራቅ ጎጃም ነኝ። ከውስጥ በሚገባው የአክርማ ሣርና በላዩ በሚጠመጠመው የስንደዶ ሣር ጅግራ እየሰፋሁ ነው፤ ቁመቷ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። ሆዷ እንደ ሙዳይ ከታች ተጀምሮ አልቋል። በጥቁሩ አለላ (ቀለም በተነከረው ስንደዶ) መሀል ቀለም ያልተነከረ ስንደዶ አንድ አንድ ጊዜ እየገባ ነጠብጣቧ እንደ እውነተኛዋ ጅግራ አምሮ ወጥቷል።

የተቸገርኩት አንገቷ ላይ ነው። ዙሩ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ሲጠብ የውስጡ አክርማ አልታጠፍ ብሎ ይሰበራል። የእርሳስ ውፍረት የነበረውን ወደ ግማሽ አሳነስኩት። ስብራቱ ቀረ፤ ግን በሁለተኛው ቀን ሲደርቅ ዙሮቹ ተላቅቀው በመካከላቸው ብርሃን ይታያል። ጠበቅ አድርጌ ስስብ ደግሞ ስንደዶው ወስፌው በበሳው በኩል ይሰነጠቃል።

ስንደዶውን ውሃ ውስጥ አሳድሬው ስለነበር ይመስለኛል። ውሃ የጠጣ ሣር ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። አሁን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነክሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ እሰፋለሁ፤ ተሻለ እንጂ አልዳነም። አለላው ብዙ ከረጠበ ደግሞ ጥቁሩ ወደ ነጩ ነጠብጣብ ይሄዳል፣ ያ ከሁሉ ያሳዝነኛል።

አክርማውንም ላርጥበው ወይስ ደረቁን ልተወው? አንገቱ ለብቻው ተሰፍቶ ቢገጠም መጋጠሚያው ይጸናል? ውስጡ የቀርከሃ ስንጥር ማቆምስ?

ስንደዶ የሚነቀለው በመስከረም ስለሆነ የቀረኝ አንድ እስር ብቻ ነው። አንገቱን እንደገና ሳልፈታው ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።